ግዝፈት ጋሻ ይሆናልን?



ባለፈው ወር አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ከትምህርት ዳሳችን በስተጀርባ ስናልፍ ስድስት ሰባት ወጣቶች ተሰብስበው አገኘን። ሁለት የወተት ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልተው፣ በመካከላቸው የብረት ቧንቧ ሰክተው፣ የክብደት ማንሻ ሠርተዋል። በየተራ ያነሣሉ፤ ሌሎቹ ይቈጥራሉ። «ለስፖርት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። ከሁሉም የሚያንሰው፣ ቁመቱ ከትከሻችን የማያልፍ ልጅ፣ ላቡን ጠርጎ «መምህር፣ ለስፖርት አይደለም። ካርቱም ላይ የተመታሁት ትንሽ ስለሆንሁ ነው። ሁለተኛ ግን ማንም አይመታኝም» አለን። ጓደኞቹ ሣቁ። እሱ አልሣቀም።

ያን ጊዜ መልስ አልሰጠነውም። መምህር ሲጠየቅ ዝም ማለቱ ደግ ነገር ባይሆንም፣ ሳያስቡ መመለስ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ይዘን ቆይተን፣ በዚህች በእጃችን በምንጽፋት መጽሔት ላይ ልንመልስ ወደድን። ጥያቄው ይህ ነው፦ በጎዳና ላይ ግፈኛ ሲነሣብን ራስን ለመከላከል የአካል ግዝፈት ይጠቅማልን? ቢጠቅምስ ምን ያህል? ይህንንም ስንጽፍ ከዳር ቆሞ እንደሚፈርድ ሰው አይደለም። እኛም በዚሁ ጉዳይ የምንጠየቅበት ዕዳ አለብን፤ ቦታው ሲደርስ እንናዘዛለን።

በመጀመሪያ ሐቁን እንናገር። አካል ዋጋ አለው። ትንሹን ሰው ለማጽናናት ሲባል «ልብ ካለህ ይበቃሃል» ማለት ውሸት ነው። በቦክስ ተጋጣሚዎች በኪሎ የሚከፋፈሉት ለጌጥ አይደለም። ሁለት ሰዎች በልምድና በብልሃት እኩል ከሆኑ፣ ከባዱ ቀላሉን እንደሚጎዳው ስለሚታወቅ ነው። ረዥም ክንድ ያለው ሳይደርሱበት ይደርሳል። ከባድ አካል ያለው ሲገፋ ይጥላል፤ ሲገፉት ግን አይነቃነቅም።

ይህን የምድር ሕግ በብልሃት ለመርታት ከሞከሩት ሰዎች መካከል አንዱ ጂጎሮ ካኖ የተባለው ጃፓናዊ ነው። ካኖ በቁመቱ አጭር፣ በልጅነቱም ጉልበተኞች ያጠቁት የነበረ ሰው ነበር። እሱም እንደ እኛው የመምህራን ማሠልጠኛ ሰው ሲሆን፣ በቶኪዮ የነበረውን ከፍተኛ የመምህራን ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት መርቷል። እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን ሲመሠርት ትምህርቱ ይህ ነበር፦ የገፋህን ሰው አትግፋው፤ ሳበው፤ በገዛ ክብደቱ ይወድቃል።

ትምህርቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሙሉ እውነት አለመሆኑ በገዛ አገሩ ታየ። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ውስጥ በገባበት እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ፣ ኪሎ በማይለይበት ውድድር አንቶን ኼሲንክ የተባለ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሆላንዳዊ የጃፓኑን አኪዮ ካሚናጋን በገዛ ሕዝቡ ፊት ምንጣፉ ላይ ይዞ አሸነፈው። ኼሲንክ ግዙፍ ብቻ አልነበረም፤ ብልሃቱንም ለዓመታት ተምሮ ነበር። እንግዲህ የምንማረው፣ ብልሃት የትንሹ ሰው ርስት የሚሆነው ትልቁ እስኪማረው ድረስ ብቻ መሆኑን ነው።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል? አያበቃም። ኼሲንክ ከማሸነፉ ከሁለት ቀን በፊት፣ በዚያው በቶኪዮ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሌላ ሰው አሸንፏል። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ሁለት ወር ያልሞላው፣ አካሉ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ በአንደኝነት ጨረሰ። አበበን ከኼሲንክ ጋር ምንጣፍ ላይ ብናቆመው ከደቂቃ በላይ የሚቆም አይመስለንም። ኼሲንክንም ከአበበ ጋር መንገድ ላይ ብናሰልፈው ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በኋላ ጀርባውን እንኳ አያይም። የትኛው አካል «ትልቅ» እንደሆነ የወሰነው አካሉ ብቻ ሳይሆን የውድድሩ ዓይነት ነው።

በጎዳና ላይ የሚያጠቃን ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም እሱ በመረጠው ውድድር እንድንገባለት። ጉልበት ካለው በጉልበት፣ ጩቤ ካለው በጩቤ፣ ሦስት ከሆኑ በሦስትነታቸው። በዚህ ላይ ጎዳና ምንጣፍ አይደለም። ከጦርነቱ በፊት በካርቱም ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የኑባ ትግል ያዩ ሁሉ የምንለውን ያውቁታል። በዚያ ትግል ቡጢ የለም፤ ዳኛ አለ፤ ባላንጣውን መሬት ያስነካ ያሸንፋል፤ የወደቀውም አቧራውን አራግፎ ይነሣል። በጎዳና ግን ዳኛ የለም፤ ደወል የለም፤ የወደቀውንም ማንም አያነሣውም። ትግሉ ከጀርባ ይጀምራል፤ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ የሚያውቅ የለም።

ይህን በዓይናችን አይተናል። በካርቱም ደይም ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር ከመካከላችን አንድ የሒሳብ መምህር ነበር። በትከሻው ስፋት የተነሣ «ዋርካው» እንለው ነበር። ከእሱ ጋር ማታ ስንወጣ ልባችን ይሞላ ነበር፤ ማን ይደፍረናል? ከጦርነቱ በፊት በነበሩት የመጨረሻ ዓመታት በከተማው ውስጥ በሞተር ብስክሌት ሁለት ሁለት ሆነው የሚነጥቁ ሌቦች በዝተው ነበር። ሕዝቡ «ተስዓ ጠዊላ» ይላቸዋል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ረዥም ዘጠኝ» ማለት ነው። ስማቸው ረዥም ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ገና ጢም ያላወጡ ቀጫጭን ልጆች ነበሩ።

አንድ ምሽት ዋርካው በስልክ እየተነጋገረ ሲሄድ ሞተሩ ከኋላው መጣ። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ስልኩን ያዘ፤ ዋርካው አልለቅም አለ። በዚያ ክንድ ማን ይነጥቀዋል? ልጁ ግን በሌላው እጁ ስለት ይዞ ነበር። ወዳጃችን ስልኩንም አጣ፤ መዳፉም እስከ አጥንቱ ተተለተለ። ሁለት ወር ሙሉ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ሲቀመጥ አንድ ቀን እንዲህ አለን፦ «ቀጭን ብሆን ኖሮ ስልኩን እለቅ ነበር።» ከዚህ የበለጠ ትምህርት በዚህ ጉዳይ ላይ ሰምተን አናውቅም። ግዝፈቱ ጋሻ ሊሆነው ሲገባ፣ መልቀቅ ያለበትን እንዳይለቅ አደረገው።

ሌላም ነገር አለ። በመንገድ ላይ የሚለካው ሥጋችን ብቻ አይደለም። ሰው በወረቀቱም ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ያለ ፈቃድ ከተመደበለት ሥፍራ እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። በ2014 በሌላ ሕግ ቢተካም የፈቃዱ ነገር አልቀረም። ከእኛ በፊት ከቀይ ሽብር ሸሽተው የመጡት ታላላቆቻችን «ከሻ» የሚሉትን አፈሳ ያስታውሳሉ። ዋርካውም እንደዚያ ባለ አፈሳ ተይዞ ከጭነት መኪናው ወለል ላይ ከአንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጎን ጉልበቱን አቅፎ ሲቀመጥ፣ ከሁለቱ የትኛው ትልቅ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ግፈኛውም ይህን ያውቃል። ወረቀት የሌለው ሰው ፖሊስ ዘንድ ሄዶ እንደማይከስ ስለሚያውቅ፣ ግዙፉንም ሐበሻ እንደ ትንሽ ሰው ይደፍረዋል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የቁመት ነገር ጨርሶ ተረሳ። ኬላ ላይ ክላሽንኮቭ ይዞ ለቆመ ልጅ ሰው ሁሉ አንድ ቁመት ነው።

እስካሁን ያልነው ግዝፈት የማይረዳባቸውን ሁኔታዎች ነው። ታዲያ የሚረዳው ምንድር ነው? እዚህ ላይ አንዲት ሴት እናስታውሳለን። በካርቱም በየጥላው ሥር በከሰል ምድጃ ሻይ የሚያፈሉትን ሴቶች «ሲት ሻይ» ይሏቸዋል። ከእነሱም ብዙዎቹ የአገራችን ሴቶች ነበሩ። በእኛ መንገድ ጥግ የምትቀመጠው እታለም ስትቆም እንኳ ከተቀመጠ ሰው ብዙም አትበልጥም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ጎረምሶች መጥተው አንዱ የገንዘብ ጣሳዋን አነሣ። እሷ አልታገለችውም። ተነሥታ ባላት ድምፅ ሁሉ «ሐራሚ! ሐራሚ!» ብላ ጮኸች፤ ሌባ ማለት ነው። ትንፋሽ ሳንወስድ ከጋራዡ መካኒኮቹ በእጃቸው መፍቻ እንደያዙ፣ ከዳቦ ቤቱ ጋጋሪዎቹ፣ ከመስጊዱ ጥላ ሥር ሽማግሌዎቹ ወጡ። ጎረምሶቹ ጣሳውን ጥለው ሮጡ፤ ሳንቲሙ አቧራው ላይ ተበተነ፤ ሕፃናት ለቅመው መለሱላት።

የወጡት ሁሉ ሱዳናውያን ነበሩ፤ እሷ ባዕድ ነበረች፤ ወረቀትም አልነበራትም። ለምን ወጡላት? ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ጥግ ተቀምጣ የእያንዳንዱን ስም ታውቃለች፤ ስኳር የሚያበዛውንና የሚያሳንሰውን ታውቃለች፤ ደመወዝ ለዘገየበት በዱቤ ታጠጣለች፤ ልጁ የታመመበትን «እንዴት ዋለ?» ትላለች። ያን ቀን በጎረምሶቹ ፊት የቆመችው አንዲት አጭር ሴት አልነበረችም። የመንገዱ ሰው በሙሉ ነበር።

እንግዲህ የገባነውን ቃል እንፈጽም።

በዚያው ዓመት አንድ ምሽት በሱቅ አል-ዐረቢ አጠገብ አውቶቡስ ስንጠብቅ አራት ነበርን። አራታችንም መምህራን፣ አራታችንም በአማርኛ የምናወራ፣ አንዳችንም አጭር አልነበርንም። ከመንገዱ ማዶ ሦስት ወጣቶች አንድ ቀጭን ሰው ከግድግዳ ጋር አጣብቀው ይመቱታል። ልብሱ ላይ ኖራ ነበረበት፤ የቀን ሥራ ውሎ የመጣ ነው። ንግግራችንን ሰምቶ ኖሮ ወደ እኛ ዞሮ «የወገን ያለህ!» አለ። ሁለት ጊዜ ነው ያለው።

እኛ ወረቀት አልነበረንም። ፖሊስ ቢመጣ የምንታፈሰው እኛ ነን ብለን አሰብን። ጩቤ ይኖራቸዋል ብለን አሰብን። እያንዳንዳችን ሌላው ቢሄድ እንሄድ ነበር ብለን አሰብን። ይህን ሁሉ እያሰብን አውቶቡሱ መጣና ተሳፈርን። በመስኮት ስናይ ሰውዬው መሬት ላይ ተቀምጦ የወለቀች ጫማውን ይፈልጋል። በሳምንቱ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘነው፤ ከንፈሩ አብጦ ነበር፤ ሰላም አለን። አላወቀን ይሆናል። ወይም ዐውቆን ትቶልን ይሆናል። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅነውም።

ያ ሰው የተመታው ትንሽ ስለነበረ ነውን? ልጁ ቢጠየቅ አዎን ይላል። እኛ ግን እዚያ ነበርን፤ እንመሰክራለን። ሦስቱ ወጣቶች ሲጀምሩት እኛን አይተው አንድ አፍታ አቁመው ነበር። ተመልክተውናል። ከቦታችን አለመንቀሳቀሳችንን ሲያዩ ቀጠሉ። ያን ጊዜ ሰውዬውን ትንሽ ያደረገው ቁመቱ ሳይሆን የእኛ መቆም ነው። አራት ሰዎች ቆመን አንድን ሰው አሳነስነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር ያውቁት ነበር። በአገራችን በድሮው ሥርዓት የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ፣ የተባለው ሰው ጉልበተኛም ቢሆን እጁን ማንሣት አይገባውም ነበር። ባለዕዳና ባለገንዘብ ልብስ ከልብስ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ሁለቱም ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። የጎዳና መንገደኛም ሳይቀር ዳኛ ሁነን ተብሎ ሲለመን ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። ደካማው ሽማግሌ ግዙፉን ጎበዝ በነጠላ ጫፍ አሥሮ ይወስደው እንደነበር የውጭ አገር ተጓዦች በመደነቅ ጽፈዋል። ያ ሥርዓት ብዙ ግፍ እንደነበረበት አንክድም፤ ልናወድሰውም አልተነሣንም። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነጠላዋ ጎበዙን የያዘችው ፈትሏ ጠንካራ ስለሆነ አልነበረም። ቢበጥሳት የሚያየው ሰው ሁሉ እንደሚነሣበት ስለሚያውቅ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ግዝፈት በጎዳና ላይ የሚያስፈልገው ተመልካቹ ዝም ባለበት መጠን ነው። ሁሉ ዝም ባለበት መንገድ ላይ ኪሎ ሁሉንም ነገር ይወስናል። ሁሉ በሚወጣበት መንገድ ላይ ግን ሲት ሻይዋም ከጎረምሳው ትበልጣለች።

«ብቻዬን ብሆንስ? በጨለማ ብሆንስ? የሚወጣ ሰው ባይኖርስ?» የሚለን አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በተለይም ሴቶች እህቶቻችን ይህን የሚጠይቁት ከእኛ በተሻለ ዐውቀው ነው። የምንመልሰውም በዋርካው እጅ የተማርነውን ነው። ዕቃ ከሆነ የሚፈለገው ስጠው፤ ስልክ ይገዛል፤ እጅ አይገዛም። መንገድ ካለህ ሩጥ፤ «ከመሞት መሰንበት» ያሉት ፈሪዎች ሳይሆኑ ብዙ ያዩ ሰዎች ናቸው። ድምፅ ካለህ ጩኽ፤ በአገሩ ቋንቋ ጩኽ፤ «ሐራሚ» የምትለዋን ቃል ከዳቦና ከውኃ ስም ቀድመህ ተማር። መሸሻ ከሌለና ሕይወትህ ወይም ክብረ ሥጋህ ከተነካ ግን ያገኘኸውን አንሥተህ ምታና መንገድ ስታገኝ አምልጥ። ይህን ሕግም አይከለክልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችልን ሕገ ወጥ ጥቃት የሁኔታውን መጠን ሳያልፉ መከላከልን ይፈቅዳል። መጠን የሚለው ቃል ትልቅ ቃል ነው። የሸሸውን ተከታትሎ መምታት መከላከል አይደለም፤ ብድር መመለስ ነው።

«መሸሽ ውርደት ነው» የሚል ጎበዝም አይጠፋም። ለእሱ የምንለው አለን። እኛ ያን ምሽት አልሸሸንም፤ አንድም ጡጫ አልቀመስንም፤ አካላችን ደህና ሆኖ ቤታችን ገባን። ውርደት ምን እንደሆነ ግን ያወቅነው በዚያች አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሮጦ ያመለጠ ሰው ራሱን አድኗል። «የወገን ያለህ!» ሲባል ሰምቶ የተሳፈረ ሰው ግን ምን እንዳዳነ እስከ ዛሬ አልገባንም።

እነሆ፣ ያ ወጣት ወንድማችን ይህን የሚያነብብ ከሆነ እንዲህ እንለዋለን። ሲሚንቶህን አንሣ፤ ክንድህ ይጠንክር፤ ጤናህ ነው፤ ልብህንም ያቆመዋል። ነገር ግን ክንድህ ሲጠነክር ሁለት ነገር አስብ። አንደኛው፣ «ማንም አይመታኝም» ያልከው ሐሳብ ቀስ በቀስ «የፈለግሁትን እመታለሁ» ወደሚለው እንዳይለወጥብህ። ብዙ ግፈኞች ግፍ የጀመሩት ትናንት ተመትተው ነው። ሁለተኛው፣ ያ ክንድ ላንተ ብቻ ከሆነ ካርቱም ላይ አይተነዋል፤ አንድ ስለት ይበቃዋል። ለጎረቤትህም ከሆነ ግን እጥፍ ድርብ ሆኖ ይመለስልሃል።

በዚህ ካምፕ የውኃው ቧንቧ ከድንኳኖቹ ርቆ ነው ያለው። ማታ ማታ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ሲሄዱ ሁላችንም እናያለን። ከሰሞኑ ሁለት ጊዜ ጩኸት ተሰምቷል፤ በሁለቱም ጊዜ ሰው ሁሉ ሌላው ይወጣል ብሎ ተኛ። ስለዚህ እኛ መምህራን ከዛሬ ጀምሮ ተራ ገብተን ከመግሪብ በኋላ በቧንቧው አጠገብ ፋኖስ ይዘን ልንቀመጥ ተስማምተናል። አራት ነን። ከመካከላችን ግዙፍ የለም። ክብደት የሚያነሡት ወጣቶች ቢጨመሩልን አሥር እንሆናለን፤ ያ ትንሹም ልጅ የመጀመሪያውን ተራ ከእኛ ጋር ቢጠብቅ ደስ ይለናል።

ቸር ይግጠመን።